ተናድጄ ነው እንጂ አናዳጅ አይደለሁም፦ ስለ «አኖይ» እና ስለ ዘመዶቹ

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። ጠያቂዋ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። አሜሪካ ከገባች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አለቃዋ የሥራ ፕሮግራሟን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ለወጠችባት። በሦስተኛው ብሶባት በስልኳ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አይ አም ቬሪ አኖዪንግ ዊዝ ዚስ ስኬጁል»። አለቃዋ ወዲያው መለሰችላት፦ «ኦ ኖ፣ ዩ አር ኖት አት ኦል!» ከነልብ ምልክቱ። ፕሮግራሙ ግን አልተስተካከለም። «ምን ብዬ ነው የጻፍኩት? አኖይ ማለት መናደድ አይደለም ወይ? ከኢሪቴትድና ከአግራቬትድስ በምን ይለያል?» ትላለች።

እህቴ፣ የጻፍሽው «በዚህ ፕሮግራም ጉዳይ በጣም አስቸጋሪ ሰው ሆኛለሁ» የሚል ነው። አለቃሽ አቤቱታሽን እንደ ይቅርታ ነው ያነበበችው። «ኧረ በጭራሽ፣ አታስቸግሪም» ብላ ልታጽናናሽ ሞከረች። ክፋት የለባትም። ግን ያንቺ ቅሬታ እሷ ጋ አልደረሰም። ሳይደርስ ደግሞ መልስ ያገኘ መሰለ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው መብቱን ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ አንዲት የቃል ጭራ ታስቀርበታለች።

ይህን ስህተት በተማሪዎቼ ዘንድ ለብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። ከስንፍና አይመጣም። የሚመጣው ከአማርኛችን ነው። አማርኛ «ማን አናደደ፣ ማን ተናደደ» የሚለውን የሚለየው በቃሉ ራስ ላይ ነው። አናደደ፣ ተናደደ። አበሳጨ፣ ተበሳጨ። አስጨነቀ፣ ተጨነቀ። ጆሯችን የለመደው የቃሉን መጀመሪያ ማዳመጥ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ሥራውን ሁሉ ለጭራው ሰጥቶታል። አኖዪንግ፣ አኖይድ። የአኖይድ «ድ» ደግሞ ፈጠን ብሎ በሚናገር ሰው አፍ ላይ ብዙም አትሰማም።

ሌላም ምክንያት አለ። ትምህርት ቤት «ኢንግ» የተማርነው «እየ» ብለን ነው። አይ አም ኢቲንግ፣ እየበላሁ ነው። አይ አም ጎዪንግ፣ እየሄድኩ ነው። ስለዚህ «አይ አም አኖዪንግ» ስንል በልባችን «እየተናደድኩ ነው» እያልን ነው። ልክ ይመስላል። ሰዋስዉም አልተሰበረም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የተሰበረ ቢሆን ሰሚው «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ይልሽ ነበር። ይሄኛው ግን ሙሉ ትርጉም አለው፤ ያንቺ ያልሆነ ትርጉም። ስለዚህ ማንም አያርምሽም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዘዴ ከራሳችን ቃል የወጣ ነው። ንዴት የመጣው «ነደደ» ከሚለው ነው። እሳት ነው። እሳት ካለ ደግሞ የሚያነድ አለ፣ የሚነድ አለ። አንዳጁና ነዳጁ። አኖዪንግ አንዳጁ ነው። አኖይድ ነዳጁ ነው። ፕሮግራሙ አንዳጅ ነው፣ አንቺ ነዳጅ ነሽ። ስለዚህ «ዘ ስኬጁል ኢዝ አኖዪንግ»፣ «አይ አም አኖይድ»። ከመጻፍሽ በፊት «እዚህ የሚነደው ማነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። የሚነደው «ድ» ይወስዳል።

ይሄው ዘዴ ለሌሎቹም ይሠራል። «ደበረኝ» ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» የሚል ብዙ ሰው አለ። «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለቱ ነው። በአማርኛ «ደበረኝ» ስንል ተናጋሪው የድርጊቱ ባለቤት አይደለም። አንድ ያልተጠራ ነገር ነው ያደበረው። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሰለቸኝ፣ መረረኝ፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ነገሩ ከውጭ መጥቶ እኛ ላይ ያርፋል። እንግሊዝኛ ግን «እኔ» ብለሽ ራስሽን ከፊት እንድታቆሚ ያስገድድሻል። ከፊት ከቆምሽ በኋላ መቺ ነሽ ወይስ ተመቺ የሚለውን ጭራው ነው የሚናገረው። ኮንፊውዝድና ኮንፊውዚንግ (ግራ የተጋባና ግራ የሚያጋባ)፣ ታየርድና ታየሪንግም (የደከመውና የሚያደክም) እንዲሁ ናቸው።

አሁን ወደ ትርጉሙ። «አኖይ መናደድ አይደለም ወይ?» ላልሽው፣ ነው፤ ግን ክብደቱ አንድ አይደለም። የእኛ ንዴት እሳት ነው ብለናል። ጨስኩ፣ ተቃጠልኩ፣ አንጀቴ አረረ፣ ደሜ ፈላ፣ ሁሉም እዚያው ምድጃ ዙሪያ ናቸው። አኖይድ እዚያ ምድጃ ውስጥ አይገባም። አኖይድ ጆሮሽ ሥር የምትዞር ዝንብ ናት። ትንሽ ነገር፣ ግን የምትደጋገም። ጎረቤት በር እያላጋ ሲዘጋ፣ ስልክ ስታወሪ ሰው ሲያቋርጥሽ፣ አውቶቡስ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ። አማርኛ ውስጥ የሚቀርበው «ነዘነዘኝ»፣ «በሸቅኩ»፣ አንዳንዴም «ደበረኝ» ነው። አንድ አሜሪካዊ «አይ ዋዝ ኤ ሊትል አኖይድ» ቢልሽ «ተናዶብኛል» ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። «ትንሽ ደብሮት ነበር» ብለሽ ውሰጂው። እንግሊዞች ጋ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እነሱ ነገር አሳንሶ መናገር ይወዳሉ። «ኤ ቢት አኖይድ» ያለ እንግሊዛዊ ከልቡ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል።

የቃሉ ታሪክም ደስ ይላል። መነሻው ላቲን ነው። ሮማውያን አንድን ነገር ሲጠሉ «ኢን ኦዲዮ» ይሉ ነበር፣ «በጥላቻ ያለ» እንደማለት። ያ ሐረግ በአንድ ቃል ተጠቀለለና ወደ ድሮው ፈረንሳይኛ ገባ። እንግሊዞች ከዚያ ወሰዱት። አንዱ ሥር ግን በየአገሩ የተለያየ ክብደት ያዘ። ፈረንሳዮች «አንዊ» ብለው ድብርት አደረጉት። ጣሊያኖችም «አኖያሬ» ሲሉ ማሰልቸት ማለታቸው ነው። ስፓኞች «ኤኖሃር» ብለው አከበዱት፣ እነሱ ዘንድ ማስቆጣት ነው። እንግሊዝኛው መሐል ላይ ቆመ። ከድብርት ከፍ፣ ከቁጣ ዝቅ። ስለዚህ «ደበረኝ» ወደሚለው ሲጠጋ ብታዪው አይግረምሽ። ዘመዶቹም እዚያው ናቸው።

ከቃሉ ጋር የሚሄደውን መስተዋድድ ልብ በዪ። እኛ «እሱ ላይ ተናደድኩ» ስለምንል ብዙዎቻችን «አኖይድ ኦን ሂም» እንላለን። አይባልም። ሰው ከሆነ «ዊዝ» ነው፤ አኖይድ ዊዝ ሂም። ነገር ከሆነ «አት» ወይም «አባውት» ነው፤ አኖይድ አባውት ዘ ስኬጁል። «ባይ»ም ይሠራል። አንቺ «ዊዝ ዚስ ስኬጁል» ያልሽው ብዙም አያስቀይምም። ያስቸገረው ጭራው ነው።

አንድ ከበድ ያለ ነገር ልጨምር። «ዩ አር አኖዪንግ» እና «ዩ አር አኖዪንግ ሚ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው «አሁን እያናደድከኝ ነው» ነው። ያልፋል። የመጀመሪያው «አንተ አናዳጅ ሰው ነህ» ነው። ጠባይ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ባለትዳሮች መሐል፣ የሥራ ባልደረቦች መሐል፣ በተለይ ደግሞ ልጆቻችን ላይ ይሄን ቃል ስንወረውር ልዩነቱን ማወቅ አለብን። እዚያ የተወለዱ ልጆች ከእኛ ይልቅ የእንግሊዝኛውን ክብደት ያውቁታል። እናት «አታስቸግረኝ» ለማለት አስባ «ዩ አር አኖዪንግ» ስትል፣ ልጁ የሚሰማው «እናቴ አትወደኝም» ወደሚለው የተጠጋ ነገር ሊሆን ይችላል።

ያንቺ ሥራ ላይ ደግሞ ይሄ ነገር ወረቀት ላይ ይወጣል። አረጋዊቷ ገላቸውን አልታጠብም ብለው ተቆጥተው ዋሉ እንበል። ማስታወሻ ላይ «ክላየንት ዋዝ አኖዪንግ ቱዴይ» ብለሽ ጻፍሽ እንበል። ያንን ነርሷ ታነበዋለች። ቤተሰብም ሊያነበው ይችላል። ያነበበው ሰው የሚያየው «ተንከባካቢዋ እናቴን አስቸጋሪ ናቸው ትላለች» የሚል ነው። አንቺ ግን ልትዪ የፈለግሽው «ተናደው ዋሉ» ነው። «ክላየንት ዋዝ አኖይድ» ቢሆን ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው ያየሽውን መጻፍ ነው፤ ስንት ሰዓት፣ ምን ስትጠይቂያቸው፣ ምን አሉ። የስሜት ቃል ማስታወሻ ላይ ባነሰ ቁጥር ላንቺም ለሳቸውም ይበጃል።

ወደ ኢሪቴትድ ስንመጣ አማርኛ በጣም ይረዳናል። ኢሪቴሽን ሁለት ቤት አለው፣ አንዱ ልብ ውስጥ፣ አንዱ ሥጋ ላይ። ሰው ኢሪቴትድ ይሆናል፣ ቆዳም ኢሪቴትድ ይሆናል። የእኛም ቋንቋ እንደዚያው ነው። «ቁስሉ ተቆጥቷል» እንላለን። «ጉሮሮዬ ተቆጣ» እንላለን። ብዙ ሰው የአንጀት ቁጣ የሚለው ሕመምም አለ፤ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ «ኢሪተብል ባወል ሲንድረም» ይሉታል። እናቶቻችን ሥጋ እንደሚቆጣ ያወቁት ላቲን ተምረው አይደለም። ስለዚህ «ስኪን ኢሪቴሽን» የሚል ወረቀት ሲገጥምሽ «ቆዳ ተቆጥቷል» በዪ፣ ሙሉ ትርጉም ነው። ብዙ ሰዓት የሚተኙ አረጋዊ ላይ፣ ጀርባ ወይም ተረከዝ ላይ እንዲህ ያለ መቅላት ካየሽ ደግሞ ዝም አትበዪ። የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ስሜት ላይ ሲሆን ኢሪቴትድ ከአኖይድ ትንሽ ይሞቃል። «ብስጭት» የሚለው ቃላችን ልኩ ነው። አኖይድ ሰው ዝንቧን ያባርራል፣ ኢሪቴትድ ሰው ድምፁ ይለወጣል። «ኢሪተብል» ደግሞ ሌላ ነው። እሱ አንድ ነገር አናደደው ማለት አይደለም፤ በቀላሉ የሚቆጣ፣ ብስጩ ሆኗል ማለት ነው። ሕፃን ላይ ሲሆን «ይነጫነጫል» ነው። ይሄ የሐኪም ቃል ስለሆነ ቀላል አይምሰልሽ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲነጫነጭና ሲቁነጠነጥ ጤና ባለሙያዎች እንደ ፈሳሽ ማነስ ምልክት ይወስዱታል። አስተርጓሚ «ተናዷል» ብሎ ቢተረጉመው ምልክቱ ይጠፋል።

እግረ መንገዴን አንድ የምወደው ቃል ልንገርሽ። እንግሊዞች ሰው ነገር ሲቆረቁረው «ኔትልድ» ይላሉ። ኔትል ማለት ሳማ ነው። በእኛ ደጋ፣ በድንጋይ ካብ ሥር የሚበቅለው ያው ሳማ። ልጅ ሆኖ በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው ይሄን ቃል ሊረሳው አይችልም። አይቆርጥም፣ አያደማም፣ ግን ይለበልባል። ሲያክኩት ይብሳል። «ንግግሩ ለበለበኝ» ካልሽ ኔትልድ ብለሻል። ዛሬ በወሬ መሐል ብዙ አይሰማም፣ ጋዜጣ ላይ ግን ታገኚዋለሽ።

አግራቬት ላይ ግን ቆም ልበል። ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚጎዳበት ይሄ ነው።

አግራቬት በላቲን «ከባድ» ከሚለው ቃል ነው የወጣው። ማክበድ ማለት ነው። የመጀመሪያ ትርጉሙ «መጥፎውን ማባባስ» ነው። ማናደድ የሚለው ትርጉም በኋላ ነው የመጣው። ከ1600ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝኛ አለ፣ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ግን እስከ ዛሬ አይወዱትም። በአሜሪካ ወሬ «ሺ አግራቬትስ ሚ» ሲባል ትሰሚያለሽ፣ «ታቃጥለኛለች» ነው። ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ግን በዚህ ትርጉም አይሠሩበትም።

ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት እናት ጉልበታቸውን አሟቸው ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጀማሪ አስተርጓሚ አለ። ሐኪሙ «ዋት አግራቬትስ ኢት?» ብሎ ጠየቀ። ሕመሙን ምን ያብሰዋል ማለቱ ነው። አስተርጓሚው «ምን ያናድድዎታል?» አላቸው። እናት ትንሽ አሰቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ ሳይደውል ሲቀር» አሉ። ሐኪሙ በርኅራኄ ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው። ስለ ኑሯቸው፣ ስለ ብቸኝነታቸው። ሁሉም ደግ ነበር። ግን ደረጃ መውጣት እንደሚያሳምማቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ እንደሚኖሩ፣ ሊፍት እንደሌለ ማንም ሳይሰማ ቀጠሮው አለቀ። ትክክለኛው «ሲያምዎት ምን ያብሰዋል? ምንስ ያስታግሰዋል?» ነበር። አግራቬትና ሪሊቭ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ። አንዱ ያብሳል፣ ሌላው ያስታግሳል። አንቺም አረጋውያንሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ስትገቢ ይሄን ጥያቄ መጠበቅ ነው።

ፍርድ ቤት ደግሞ አማርኛችን ቃሉን ድሮውኑ አዘጋጅቶታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ስርቆትን «ስርቆት» እና «ከባድ ስርቆት» ብሎ ይለያል። ውንብድናንም እንዲሁ። ሕጉ «ቅጣት የሚያከብዱ ምክንያቶች» የሚላቸው አሉ፣ የሕግ ሰዎች ባጭሩ ማክበጃ ይሏቸዋል። አግራቬትድ ማለት በትክክል ይሄ ነው። ላቲኑም አማርኛውም ክብደት ነው የሚሉት። ስለዚህ «አግራቬትድ አሶልት» በንዴት የተፈጸመ ድብደባ አይደለም። ከባድ ጥቃት ነው፤ ለምሳሌ መሣሪያ የተያዘበት ወይም ብርቱ ጉዳት ያደረሰ።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ ግን ቃሉ ወጥመድ አለው። «አግራቬትድ ፌለኒ» («ከባድ ወንጀል» እንደማለት) የሚባል ምድብ እ.ኤ.አ. በ1988 ገባ። መጀመሪያ ላይ ግድያን፣ የአደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ ዝውውርን ነበር የያዘው። እየቆየ ሰፋ፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1996 በጣም ሰፋ። ዛሬ አንድ ዓመት እስር የተፈረደበት ስርቆት እንኳ ውስጡ ሊገባ ይችላል፣ እስሩ በገደብ ተይዞ ሰውዬው ባይታሰርም። ስሙ «ከባድ» ይላል፣ ጉዳዩ ግን በተራ አነጋገር ከባድ ላይሆን ይችላል። ዜግነት ለሌለው ሰው መዘዙ ከአገር መባረር ድረስ ነው። ይሄ ቃል ያለበት ወረቀት ቤትሽ ከመጣ፣ ወይም ዘመድሽ ጥፋተኛ ነኝ ሊል ከተዘጋጀ፣ መዝገበ ቃላት አይበቃም። አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማናገር ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። «ፍረስትሬትድ» ሞክረሽ ሞክረሽ ሲዘጋብሽ ነው። ሥራ ቦታ ላይ አሜሪካኖች ቁጣቸውን ጨዋ ሲያደርጉት የሚጠቀሙበት ቃል ነው፣ ላንቺም ይጠቅምሻል። «አፕሴት» ንዴትና ሐዘን የተቀላቀለበት ነው፣ «ከፋኝ» ይቀርበዋል። «ማድ» አሜሪካ ውስጥ ተቆጣሁ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ እብድ ነው። «ፒስድ ኦፍ» የሚለውን ከጓደኛ ጋር ካልሆነ አትጠቀሚው፣ ነውር ቃል አለበት። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ፔት ፒቭ» ምንድነው ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። «ፔት» ቢልም ከቤት እንስሳ ጋር አይገናኝም። ሌላው ሰው ምንም የማይመስለው፣ አንቺን ግን ሁልጊዜ የሚያበሽቅሽ ትንሽ ነገር ማለት ነው። «ሰው ሳይደውል ሲዘገይ» በዪና እለፊው።

አሁን መልእክትሽን እንደገና እንጻፈው። ለአለቃ ሲሆን «ቬሪ አኖይድ» ራሱ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ልክ ቢሆንም። ስለዚህ ስሜቱን በአንድ ቃል አስቀምጪና ወደ ጉዳዩ ግቢ። እንዲህ ብትዪ፦ «ማይ ስኬጁል ቼንጅድ ስሪ ታይምስ ዚስ ዊክ። አይ አም ፍረስትሬትድ፣ ቢኮዝ አይ ካንት ፕላን ማይ ቻይልድኬር። ፕሊዝ ሌት ሚ ኖው ቱ ዴይስ ቢፎር ኤኒ ቼንጅ»። ፕሮግራሜ በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤ የልጄን ጠባቂ ማዘጋጀት ስላልቻልኩ ተቸግሬያለሁ፤ እባክሽ ከመለወጡ ሁለት ቀን በፊት አሳውቂኝ ማለት ነው። ልጅ ከሌለሽ የራስሽን ምክንያት አስገቢ። ያቺኛዋን የመጀመሪያዋን መልእክትም እንዲሁ አትተያት። «አይ ሜንት አኖይድ፣ ኖት አኖዪንግ» ብለሽ አንድ መስመር ላኪላት። ልብ የላከችልሽ ሴት ይሄን ስታነብ ፕሮግራሙን እንደገና ታየው ይሆናል።